የዝምተኛው ሼህ አፍ

ዙምረታ ከሼህ ዩኑስ ባባ ጋር ተጣልታ አታውቅም። በምን ይጣላሉ? በዕድሜዋ ሙሉ ሼሁ አንድም ቀን እሷ የማትፈልገውን ነገር ተናግረው አያውቁም። የከተማችን ሰው ከመቃብራቸው ሲመለስ አንዳንዱ እሺ ተብሎ፣ አንዳንዱ እምቢ ተብሎ፣ አንዳንዱም አይኑን እየጠራረገ ነው። ዙምረታ ግን ሁልጊዜ ፊቷ ፈክቶ ነው የምትመለሰው። አንዳንድ የዋሆች «ይቺ ሴት ወልይ ሳትሆን አትቀርም» ይሉ ነበር። ጎረቤቷ ሙኒባ ይህን ስትሰማ ለክረምት በጨው የምትጥለውን ጎመን እጇ ላይ እንደያዘች ትስቃለች።

ሼሁ በሕይወት ሳሉ መናገር ያቆሙ ሰው ናቸው። መስጊዱ ሲሠራ የከተማው ትልልቅ ሰዎች በሚናራው ቁመት ላይ ሲጨቃጨቁ ሰምተው፣ «እንግዲህ እኔ ዝም ልበል፣ እናንተ ተናገሩ» ብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ኖሩ ይባላል። ስለዚህ ዛሬም የሚመልሱት በሰው አፍ ነው። ዚያራ የሚሄድ ሰው ውዱእ ያደርጋል፣ ከመስጊዱ ጓሮ ወዳለው መቃብር ቤት በቀኝ እግሩ ይገባል፣ አረንጓዴው ጨርቅ አጠገብ ቆሞ ፋቲሓ ይቀራል፣ ጉዳዩን በልቡ ይነግራቸዋል፣ ፎጣ ወይም መሀረብ ትቶ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ጆሮው የሚሰማው የመጀመሪያው የሰው ንግግር የሼሁ መልስ ነው። እሱ ራሱ ግን የመኖሪያ ቤቱን ደፍ እስኪሻገር ትንፍሽ ማለት የለበትም። ከተናገረ መልሱ ይበላሻል።

ዙምረታ ይህን ደንብ አንድም ቀን አልጣሰችም። ደንቡን የማይጥስ ሰው ደግሞ ከደንቡ ጋር ምን ማድረግ እንደሚችል ማየት ከፈለጋችሁ እሷን ማየት ነው።

ነገሩ የጀመረው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። ሁለት ወንዶች ጠይቀዋታል። አንደኛው ፈሪድ የሚባል የደን ጠባቂ፣ አኮርዲዮን የሚጫወት፣ ሲስቅ ሠፈሩን የሚያስቅ ሰው ነው። ሁለተኛው ደርቪሽ፣ የእንጨት መሰንጠቂያው ጸሐፊ፣ ስለ እሱ ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ ስለ ቤቱ ግን አለ። ቤቱ ዋናው መንገድ ላይ ነው፣ ጣሪያው ሸክላ ነው፣ ፎቅ ለመጨመርም ይመቻል። ዙምረታ ደርቪሽን ላግባ ወይ ብላ ሼሁን ጠይቃ ወጣች። ገና ከግቢው በር ብቅ ከማለቷ አንዲት አሮጊት ዝይዋን በዱላ እያባረረች፣ «ውጪ ከዚህ፣ አንቺ ሆዳም!» ስትል ሰማች።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ደንግጦ ይቀር ነበር። ዙምረታ ትንሽ አሰበችና ለዝይ የተነገረ ነገር የሰው ንግግር አይባልም ብላ ወሰነች። ከዚያ በሻሿ ሥር ሁለቱንም ጆሮዎቿን በጣቶቿ ደፍና፣ በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች፣ ቁልቁል ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ወረደች። ይህ ፀጉር አስተካካይ ደንበኛ የሚለውን ሁሉ የሚቀበል ሰው ነው። ዝናብ ይዘንባል ቢሉት እንዴታ፣ አይዘንብም ቢሉትም እንዴታ። ዙምረታ በሩ ላይ ስትደርስ ጣቶቿን አወጣች። «እንዴታ! እንዴታ!» አለ ሰውዬው ከውስጥ። በወሩ ተዳረች።

ከዚያ በኋላ ከተማውን እንደ እጇ መዳፍ አወቀችው። እሺ ስትፈልግ በፀጉር አስተካካዩ በኩል ትወጣለች። እምቢ ስትፈልግ በማዘጋጃ ቤቱ መስኮት በኩል ትዞራለች፤ እዚያ የተቀመጠ ጸሐፊ ሲሾምም ሲሻርም፣ መንግሥት ሲለወጥም «አይሆንም፣ ነገ ተመለሱ» ከማለት ተለውጦ አያውቅም። ቆይ የሚል መልስ ካሻት ክሊኒኩ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ወንበር አለ። ፎቁን የጨመረችው በፀጉር አስተካካዩ ነው። ሙኒባ ወደ አትክልት ቦታዋ በዙምረታ ማሳ ዳር እንዳታቋርጥ የከለከለቻት በማዘጋጃ ቤቱ ነው። «እኔ ምን ላድርግ፣ ሼሁ ናቸው ያሉት» ትላለች፤ ከሼህ ጋር ደግሞ ማን ይከራከራል? ሙኒባ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባልዲዋን ይዛ በወንዙ በኩል ትዞራለች።

ደርቪሽ ጡረታ የወጣ ጊዜ ወደ እናቱ መንደር ወደ ተራራው ወጥቶ ንብ ማነብ ፈለገ። ቀፎ አሠርቶ ነበር፣ የንብ ማጨሻም ገዝቶ ነበር። በሕይወቱ የጠየቀው ነገር ይኸው ብቻ ነው። ዙምረታ ሄዳ ጠየቀችለትና «አይሆንም አልኩ እኮ!» የሚል ጠንካራ መልስ ይዛለት መጣች። ደርቪሽ ራሱን ነቀነቀ፣ ማጨሻውን ማገዶ ወደሚቀመጥበት እንጨት ቤት መለሰ፣ ከዚያ ሰገነቱ ላይ ተቀምጦ እስኪሞት ድረስ ተራራውን ሲያይ ኖረ። ሼሁንም አልወቀሰም፣ ሚስቱንም አልወቀሰም። ዝም አለ፤ ዙምረታ ዝምታውን ደስ ብሎታል ብላ ተረጎመችው። ይህን ሳስብ እስከዛሬ ድረስ ያናድደኛል።

ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ነገሩን ቀድመው ሳይነቁበት አልቀሩም። ሼሁን ሳይጠይቁ አውቶቡስ ተሳፍረው ውጭ አገር፣ ሊንዝ ከተማ ገቡ፤ ለዒድ ይደውላሉ። ቤት የቀረችው ሰልቬታ ናት።

ሰልቬታ ሃያዎቹ ውስጥ ሳለች አንድ አስተማሪ ጠይቋት ነበር። ዙምረታ በልጇ ፈንታ ዚያራ ሄደች፤ በየት በኩል እንደተመለሰች መናገር አያስፈልግም። ሰልቬታ እንጨት ቤቱ ጀርባ ቆማ አለቀሰች፣ ከዚያ አንድ እቅፍ እንጨት ይዛ ገብታ ምድጃውን አነደደች። ከዚያን ቀን ወዲህ ምድጃውን የምታነደው እሷ ናት፣ ቃሪያውን የምትጥለው እሷ ናት፣ ማታ ማታ የእናቷን ጉልበት ለመጠጥ ሐራም ለጉልበት ሐላል በሆነው የፕሪም አረቄ የምታሸው እሷ ናት። ዙምረታ ለሰው ሲሆን «ልጄ እኔን ትታ መሄድ አልፈለገችም» ትላለች።

ባለፈው መከር ሰልቬታ አርባ ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ራሚዝ መጣ። ራሚዝ ከተራራው ማዶ ባለችው ከተማ ቡሬክ የሚባለውን ሥጋ የተጠቀለለበት ቂጣ የሚጋግርበት ቤት ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ እጁ ሁልጊዜ ዱቄት ያለበት ሰው ነው። በገበያ ቀን ሰልቬታ ከምትሸጥበት መደብ እየመጣ የደረቀ ፕሪም ይገዛል። በሚቀጥለው ገበያም ይገዛል። ፕሪም የማይገባበት የሥጋ ቡሬክ እየጋገረ ያን ሁሉ ፕሪም ምን እንደሚያደርገው ገበያው ሁሉ ሲያወራ፣ አንድ ቀን ድፍረቱን ሰብስቦ ጠየቃት።

ሰልቬታ ለእናቷ የነገረቻት እራት ላይ ነው። ዙምረታ ማንኪያዋን አስቀምጣ ወዲያው ሻሿን ፍለጋ ዞር ዞር አለች፤ ነገ በጠዋት ሄጄ ሼሁን ልጠይቅልሽ አለቻት።

«የለም እማ» አለች ሰልቬታ። «ይሄንን እኔው ራሴ ነኝ የምጠይቀው። እሳቸው ያሉኝን እቀበላለሁ። አንቺም ትቀበያለሽ።»

ዙምረታ ምን ትበል? ሼሁን አላምናቸውም አትል ነገር። እሺ አለች። ከዚያ ሰልቬታ ዚያራው እሑድ እንዲሆን እንደወሰነች ነገረቻት። እሑድ ማዘጋጃ ቤቱ ዝግ ነው።

በማግሥቱ ሙኒባ ዘንድ ሄደች። ስንት ዓመት ያልረገጠችውን ደጅ ረግጣ፣ ጎመኑን አድንቃ፣ ጤናዋን ጠይቃ፣ ወደ ነገሩ ገባች። እሑድ ጠዋት ሁለቱ ከውዱእ ማድረጊያው ግንብ ጀርባ ይቆማሉ። ሰልቬታ ከመቃብሩ ቤት ስትወጣ ሙኒባ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ መስላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ተይው በያት፣ ዕድሜ ልኳን ትጸጸታለች» ትላለች። በቃ፣ ሌላ ሥራ የለባትም። ሙኒባ ጎመኗን እየጠቀጠቀች ሰማቻትና እሺ አለች። ሳትከራከር፣ የማሳውን መንገድ እንኳ ሳታነሳ እሺ አለች። ዙምረታ እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረባት፤ ግን ዕድሜዋን ሙሉ እሺ የሚላትን ሰው ጠርጥራ አታውቅም።

እሑድ ጠዋት ብርድ ነበር። የመስጊዱ ኢማም ኤፈንዲ ሹክሪ ግቢውን ይጠርጋል። ሰው ዚያራ ላይ ሲሆን ኤፈንዲው አፉን ይዘጋል፤ የሼሁን መልስ እንዳያበላሽ ሳል እንኳ ቢመጣበት በክንዱ ያፍነዋል። ሰልቬታ በእጇ የጠለፈችውን ፎጣ ይዛ መጣች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ገባች። ግንቡ ጀርባ ሁለቱ ሴቶች ተጠጋግተው ቆመዋል። ዙምረታ ራሷ መምጣቷ ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ሥራን ለሰው ጥሎ መቀመጥ አትችልበትም።

ሰልቬታ ውስጥ ቆየች። ምን እንዳለቻቸው እሷና ሼሁ ያውቃሉ። በመጨረሻ የመቃብሩ ቤት በር ሲጢጥ ሲል ተሰማና ዙምረታ ሙኒባን በክርኗ ጎሰመቻት።

ሙኒባ ዝም አለች።

እንደገና ጎሰመቻት። ሙኒባ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። የሰልቬታ እርምጃ በወደቀው ቅጠል ላይ እየቀረበ ነው። ዙምረታ በዓይኗ ለመነች፣ በእጇ አስፈራራች፣ የሙኒባን ሻሽ ጫፍ ይዛ ጎተተች። ሙኒባ ሌላኛውን እጇን አንስታ መዳፏን ወደ ላይ ገለበጠች፤ ለምን? ሰውዬው ምን አድርጎሽ? እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላም ዝም።

ዙምረታ በሕይወቷ ዝምታን ችላ አታውቅም። የሼሁን ዝምታ ሞልታዋለች፣ የባሏን ዝምታ ሞልታዋለች። ይህንንም ሞላችው፤ ሹክሹክታ ደግሞ አታውቅበትም።

«ልጅቱ ከሄደች ምድጃዬን ማን ሊያነድልኝ ነው? ጉልበቴን ማን ሊያሽልኝ ነው? ሰውዬውማ ምንም አላደረገኝም፣ ደህና ሰው ነው! ብቻዬን የምቀረው እኔ ነኝ! አሁን ገባሽ?»

የኤፈንዲው መጥረጊያ ቆመ። ከግንቡ ወዲያ በኩል፣ እጅ ሊነካካ በሚችል ርቀት፣ ሰልቬታ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቆማለች። ዙምረታ ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ያኔ ነው ያለችውን ነገር ራሷ የሰማችው፤ ፊቷ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል ነበር። ሰልቬታ የተቆጣች አትመስልም ነበር። ብቻዬን የምቀረው እኔ ነኝ የሚለው ነገር ውስጧ ገብቶ ከንፈሯ ተንቀጥቅጧል፤ ዙምረታ ዝም ብትል ወይም አንድ ጊዜ ልጄ ብላ እጇን ብትዘረጋ ሰልቬታ ምናልባት የራሚዝን ፕሪም ረስታ ወደ ምድጃው ትመለስ ነበር። ዙምረታ ግን ዝም አላለችም።

«ይሄ አልተቆጠረም!» አለች። «እኔ እናትሽ ነኝ፣ እንደ ሰው አልቆጠርም። ተመልሰሽ ግቢና እንደገና ውጪ።»

የሰልቬታ ከንፈር መንቀጥቀጡን አቆመ። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አጠለቀች፣ ማሰሪያውን ረጋ ብላ አሰረች፣ ከግቢው ወጣች።

ዙምረታ ተከተለቻት፤ መጀመሪያ ግን ኤፈንዲ ሹክሪን ያዘችው። የእናት ቃል ይቆጠራል ወይ? በግንብ ጀርባ የተነገረስ? ከእሱ በፊት የቁራ ድምፅ ተሰምቶ ቢሆንስ? ኤፈንዲው ወደ ሰልቬታ ጀርባ በአገጩ አመለከታት። ዘያሪዋ ገና ቤቷ አልደረሰችም፣ እሱም አይናገርም። መጥረጊያውን አነሳ።

እስከ ቤታቸው ድረስ ዙምረታ ተናገረች። ድልድዩ ላይ፣ አቀበቱ ላይ፣ የዘጋው ፀጉር አስተካካይ ደጃፍ ላይ ተናገረች። እግሯ ወደኋላ ሊቀር ጥቂት ቀረው እንጂ ምላሷ አልቀረም። ሙኒባ ነች ያሳሳተችኝ አለች፣ አባትሽ ቢኖር ይፈርድ ነበር አለች፣ ቡሬክ ጋጋሪ ሁሉ ጨጓራው አይረባም አለች። ሰልቬታ ላገኘችው ሰው ሁሉ በራሷ ሰላምታ እየሰጠች ዝም ብላ ሄደች። ዙምረታ በዚህ ብዙም አልከፋትም። ልጅቱ ደፉን እስክትሻገር መናገር አትችልም፤ ደፉን ስትሻገር ግን መናገር ትጀምራለች፣ ከተናገረች ደግሞ ጭቅጭቅ ነው፣ በጭቅጭቅ ዙምረታ ተሸንፋ አታውቅም። ስለዚህ ቤቱ ሲቃረብ ፍጥነቷን ጨምራ ቀድማ ገባች። ሻሿን አስተካክላ፣ ወገቧን ይዛ፣ ከደፉ ወዲህ ቆመች።

ሰልቬታ ደፉ ጋ ደርሳ አልገባችም።

እጇን ብቻ ወደ ውስጥ ዘርግታ ካፖርቷን ከመስቀያው አወረደች። ጎንበስ ብላ የቤት ነጠላ ጫማዋን አነሳችና አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራ አስቀመጠችው፤ በእኛ አገር ሲወጣ እንዳይቸገር ተብሎ እንዲህ የሚዞረው የእንግዳ ጫማ ነው። ከዚያ የእናቷን እጅ በደፉ ላይ አሻግራ ያዘች፣ ሳመችው፣ ግንባሯ ላይ አስነካችው። ቦርሳዋን ከእንጨት ቤቱ አወጣች። ተዘጋጅቶ ነበር። ወደ አውቶቡሱ ወረደች።

ዙምረታ አፏን ከፍታ ነበር፣ የሚከራከራት ሰው ግን አጣች።

ሰልቬታ ከተራራው ማዶ ስትደርስ ወደ ራሚዝ እህት ቤት ነው የሄደችው። ራሚዝም እህቱም በር ላይ ሰላም ቢሏት አልመለሰችም፤ ራሚዝ ዱቄት ባለበት እጁ ጭንቅላቱን ይዞ እምቢ ልትለኝ ነው የመጣችው ብሎ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር ይባላል። ደፉን በቀኝ እግሯ ተሻገረችና ያኔ «እሺ» አለችው። ደንቡ የቤትህ ደፍ ነው የሚለው፤ ቤቷ የትኛው እንደሆነ መምረጥ የእሷ ነበር። ይህን ያህል ደንብ ማወቅ ከማን እንደተማረች እናውቃለን።

ያን ዕለት ዙምረታ ምድጃውን አላነደደችም። ነገ ትመለሳለች ብላ ብርድ ልብስ ደራርባ ተኛች። ሰኞ ጠዋት ተነስታ፣ ውዱእ አድርጋ፣ ከቤት ካለው ፎጣ ሁሉ ጥሩውን መርጣ ወደ ሼሁ ሄደች። ልጄ ትመለሳለች ወይ ብላ ጠየቀች። ምናልባት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን የማታውቀው ጥያቄ ነበር፤ አረንጓዴው ጨርቅ አጠገብ ቆማ አለቀሰች፣ ማልቀሷም የእውነት ነበር። ከዚያ ዓይኗን ጠረገች፣ ወጣች፣ ሁለቱን ጆሮዎቿን ደፍና ቁልቁል ወደ ፀጉር አስተካካዩ ወረደች። ለቅሶው እውነት ስለሆነ አመሏ ይቀራል አልተባለም።

የእሑዱ ነገር ግን ከእሷ ቀድሞ ከተማውን አዳርሶ ነበር። የሱቁ በር ላይ ደርሳ ጣቶቿን ስታወጣ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ አቆመ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ አፉን ገጠመ። ሁለቱም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጧት፣ ሌላ ምንም። ቆመች፣ ጠበቀች፤ ምንም። የሼሁ አፍ ሆኖላት ሌላ ሰው ላይ የሚፈርድ አልተገኘም። ክሊኒኩ ጋ ያሉት በሽተኞች ሲያዩዋት ሳላቸውን እንኳ ዋጡ። በመጨረሻ የማትፈልገውም ቢሆን ይሁን፣ ብቻ የሰው ድምፅ ይሁን ብላ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ዞረች። ጸሐፊው ከሩቅ አይቷት መስኮቱን ዘጋ።

ሙኒባ ባልዲዋን ይዛ በማሳው ዳር ስታቋርጥ አገኘቻት። በማሳው ዳር ነው፣ በወንዙ በኩል አይደለም። ሙኒባም ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጥታት በዝምታ አለፈች።

ዙምረታ ቤቷ ደረሰች። ደፉ ላይ የልጇ ነጠላ ጫማ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ እንደተቀመጠ ነው። ተሻግራው ገባች። ቤቱ ቀዝቅዟል። እንጨቱን ምድጃው ውስጥ እንደነገሩ ከመረችና መደርደሪያውን ከፈተች፣ መሳቢያውን ከፈተች፣ የዱቄቱን ጣሳ ሳይቀር ከፍታ አየች።

«ክብሪቱ የት ነው ያለው?» አለች።

ከሼሁ ከወጣች ጀምሮ ጆሮዋ የሰማው የመጀመሪያው የሰው ንግግር ይህ ነበር። ጣሳውን እንደያዘች ቆማ ትንሽ ጠበቀች፤ ክብሪቱ የት እንዳለ ግን የነገራት የለም።